ልም አጥንትን በሚሟሟ ድጋፍ ላይ ስለ ማሳደግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰበረ አጥንት በወጉ ታስሮ ጊዜ ከተሰጠው ይገጥማል። የተቆረጠ ቆዳ ጠባሳ ያበጅ እንጂ ይዘጋል። ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ የጎደለውን መልሶ ይሞላል። በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንትን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት ግን አንድ ጊዜ ከተቦደሰ በኋላ ራሱን አይተካም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የስኮትላንድ ተወላጅ የነበሩት ሐኪም ዊልያም ሀንተር በ1743 ለሎንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የቆሰለ ልም አጥንት አስቸጋሪ ደዌ መሆኑንና ከጠፋ በኋላም ተመልሶ እንደማይገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር አድርገው አስፍረውታል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ማደንዘዣ መጣ፤ የቀዶ ሕክምና ንጽሕና መጣ፤ ራጅ መጣ። የሀንተር ፍርድ ግን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሳይነካ ቆየ።

ስለ ጉልበት ልም አጥንት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። ለእርሱ ሕክምናው ፍጹም ባይሆንም መልስ አለው፤ ጉልበቱ በብረትና በፕላስቲክ መገጣጠሚያ ይለወጥለታል። መልስ የሚያጣው ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጠመዘዘበት፣ ወይም ከደረጃ የወደቀ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ በመልካም ሁኔታ ቢገባለት ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግለው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ በየጊዜውም የሚቀረው አጥንት እያነሰ ይሄዳል። ዝም ተብሎ ቢተውም ጉድጓዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሙሉውን ጉልበት ሊያበላሽ ይችላል። እንግዲህ የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው ዘዴ በመጀመሪያ የተወጠነው ለዚህ ወጣት መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል።

ልም አጥንት ለምን አይድንም? መልሱ ከአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። በጉልበት ውስጥ ያለው ልም አጥንት በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢወፍር ነው። በዚህ ስስ ንጣፍ ውስጥ የደም ሥር የለም፤ የሊምፍ ቧንቧ የለም፤ ነርቭም የለም። ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ ራሱ አያሳምም፤ ሰውየው ሕመም የሚሰማው ከሥሩ ያለው አጥንት ወይም በዙሪያው ያለው ኅብረ ሕዋስ ሲነካ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ሌላው ኅብረ ሕዋስ ሲቆስል ደም ይፈሳል፤ ደሙ ይረጋል፤ በረጋው ደም ላይም ጠጋኝ ሕዋሳት ይሰፍራሉ። ደም በሌለበት ግን ይህ የጥገና ሥራ ከመነሻው አይጀመርም።

ሕዋሳቱም ጥቂት ናቸው። ከጠቅላላው ይዘት ከመቶ 1 እስከ 5 እጅ ቢሆኑ ነው። የቀረው እነርሱ ቀድሞ የሠሩት ቤት ነው፤ ይኸውም ከመቶ 65 እስከ 80 እጅ ውኃ፣ ከዚያም ሁለተኛው ዓይነት ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ድርና ውኃን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲዮግላይካን ነው። ድሩ ይወጥራል፤ ፕሮቲዮግላይካኑ ውኃ እየሳበ ድሩን ከውስጥ ይገፋል። ሰው በተራመደ ቁጥር በጉልበቱ ላይ ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጫና ሲያርፍ የሚሸከመው ይህ በድርና በውኃ መካከል ያለ ትግል ነው። ድሩ ደግሞ ዕድሜ ልክ አንድ ነው። በ2016 የኮፐንሀገን ተመራማሪዎች፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ወደ አየር የተበተነውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን እንደ ጊዜ ምልክት ተጠቅመው የሰውን የጉልበት ልም አጥንት በመረመሩ ጊዜ፣ ኮላጅኑ ለአካለ መጠን ከተደረሰ በኋላ አይለወጥም ሊባል እንደሚችል አሳይተዋል። አንድ አረጋዊ የሚራመደው በልጅነቱ በተሠራ ድር ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ የሚመጣው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ሕዋሳቱን ከሰውነት አውጥቶ፣ በላቦራቶሪ አባዝቶ፣ መልሶ መትከል። ሕዋሳቱን ማውጣትም ማባዛትም ተቻለ። ነገር ግን በጠፍጣፋ የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳህን ላይ እየተባዙ ሲሄዱ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ክብ የነበሩት ይዘረጋሉ፤ ሁለተኛውን ዓይነት ኮላጅን መሥራት ትተው በጠባሳና በጅማት ውስጥ የሚገኘውን አንደኛውን ዓይነት መሥራት ይጀምራሉ። ሐኪሙ ልም አጥንት ሊተክል ተነሥቶ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በ1982 ፖል ቤንያና ጆይ ሻፈር ባወጡት ጥናት፣ በሳህን ላይ ጠባያቸውን የረሱ የጥንቸል ሕዋሳት ከባሕር አረም በሚወጣው አጋሮስ በተባለ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ታግደው እንዲያድጉ ሲደረግ እንደገና ክብ ሆነው የቀድሞ ኮላጅናቸውን መሥራት እንደ ጀመሩ አመለከቱ። የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር፣ ሕዋሱ የሚሠራው ሥራ በሚኖርበት ቤት ቅርጽ የሚወሰን መሆኑ ነው። በሜዳ ላይ የተዘረጋ ሕዋስ አንድ ነው፤ በሦስት አቅጣጫ ተከብቦ የሚኖር ሕዋስ ሌላ ነው።

በዚያው ዘመን በቦስተን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ጆሴፍ ቫካንቲ በሌላ ችግር ተይዘው ነበር፤ ችግሩም ለሕፃናት የሚተከል ጉበት እጥረት ነበር። ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲስ ከሮበርት ላንገር ጋር ሆነው ሕዋሳትን በሚሟሟ ድጋፍ ላይ አሳድጎ የመትከልን ሐሳብ ጀመሩ። አስቸጋሪው ጉዳይ ውፍረት ነበር፤ ሕዋሳቱ በወፍራም ቁራጭ ውስጥ ሲታጨቁ መካከል ያሉት ምግብና ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። ዶክተር ቫካንቲ በ1986 በኬፕ ኮድ የባሕር ዳር ተቀምጠው በውኃው ውስጥ የሚወዛወዘውን ቅርንጫፋም የባሕር አረም ሲመለከቱ፣ ድጋፉም እንደዚሁ ቅርንጫፋም ሆኖ ፈሳሽ በመካከሉ ቢመላለስ ሕዋሳቱ ሁሉ ምግብ ያገኛሉ የሚለው ሐሳብ እንደ መጣላቸው ተናግረዋል። የመጀመሪያው ጽሑፋቸው በ1988 ወጣ፤ የተሞከሩትም የጉበት፣ የአንጀትና የቆሽት ሕዋሳት ነበሩ እንጂ ልም አጥንት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ፈጥኖ ፍሬ ያሳየው ልም አጥንት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የጉበት ሕዋስ ደም ካጣ ፈጥኖ ይሞታል፤ የልም አጥንት ሕዋስ ግን ከፍጥረቱ ያለ ደም ሥር መኖር የለመደ ነው። በሰውነት ውስጥ እንዳይድን ያደረገው ጉድለት በላቦራቶሪ ውስጥ ለመብቀል መልካም ዕድል ሆነለት።

ባለሙያዎቹ ስካፎልድ የሚሉት ድጋፍ ስሙን የወሰደው ግንበኛ ግድግዳው እስኪቆም ድረስ ዙሪያውን ከሚያቆመው የእንጨት መወጣጫ ነው። የተሠራበትን ነገር ግን እዚህ ያለ ቀዶ ሐኪም ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ የስፌት ክር ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ነገር ነው። ይኸው ክር እንደ ባዘቶ ተፈልቅቆ፣ ከመቶ 90 እጅ በላይ ባዶ ስፍራ እንዲኖረው ሆኖ ሲነጠፍ ለሕዋሳት ማደሪያ ይሆናል። ውኃ ሲነካው ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ይበጠሳል፤ የሚወጣውን አሲድ ሰውነት አቃጥሎ በውኃና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ያስወግደዋል። ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ብርታቱን በጥቂት ሳምንታት ያጣል፤ ፖሊላክቲክ አሲድ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን በመቀላቀል ጊዜውን ማስረዘምም ማሳጠርም ይቻላል።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ እጅግ የተስተካከለ ይመስላል። በሥራ ላይ ግን ድጋፉ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት። ቶሎ ከሟሟ ሕዋሳቱ የራሳቸውን ድር ሳይሠሩ ይፈርሳል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚያድገው ኅብረ ሕዋስ ቦታ ያጣል። በብዛት በአንድ ጊዜ ሲሟሟ የሚወጣው አሲድ በአካባቢው መቆጣትን ያስከትላል፤ መቆጣቱም አዲሱን ልም አጥንት መልሶ ይበላዋል። ለአንድ ታማሚ የተመቸው ፍጥነት ለሌላው የማይመች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዛሬም ድረስ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሥራ ዓለም ያወቀው በአንዲት አይጥ ነው። የጆሴፍ ቫካንቲ ወንድም ዶክተር ቻርልስ ቫካንቲና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ቻይናዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ካዎ ዪሊን፣ በሦስት ዓመት ሕፃን ጆሮ ቅርጽ የተሠራ የፖሊግላይኮሊክና የፖሊላክቲክ አሲድ ድጋፍ ላይ ሕዋሳት ዘርተው ፀጉር በሌላት አይጥ ጀርባ ቆዳ ሥር ቀበሩት። ከ12 ሳምንታት በኋላ ድጋፉ ጠፍቶ በቦታው በጆሮ ቅርጽ የቆመ ልም አጥንት ተገኘ። ሥዕሉ በ1995 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ጥናቱ በ1997 ታተመ። ብዙ ሰው የሰው ጆሮ የበቀለባት አይጥ አድርጎ ተረዳው። በ1999 አንድ ማኅበር በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ ደግሞ በዘር ምሕንድስና የተሠራች አይጥ ናት ብሎ አሳወጀ። ሁለቱም ስሕተት ነበር። ሕዋሳቱ የጥጃ ነበሩ፤ የሰው የነበረው ቅርጹ ብቻ ነው፤ በአይጧም ዘር ላይ የተነካ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከጋዜጣው ስሕተት ይልቅ ለሐኪሞች የሚጠቅመው በዚያ ሙከራ ውስጥ ሳይታይ ያለፈው ነገር ነው። አይጧ የተመረጠችው የሰውነቷ የመከላከል ኃይል የተጓደለ ስለሆነ ነው፤ የባዕድ ሕዋስ ብትቀበል አትገፋም፤ ለድጋፉም ቅሪት የምታሳየው ቁጣ ትንሽ ነው። ሙሉ የመከላከል ኃይል ባለው ፍጡር ውስጥ ግን ይኸው ዓይነት ድጋፍ መቆጣትን እያስነሣ ልም አጥንቱን ሲያበላሸው ተደጋግሞ ታይቷል። የጥጃ ሕዋስም እንደ ጎልማሳ ሰው ሕዋስ አይደለም፤ በእድገት ላይ ያለ ሕዋስ በብርቱ ይሠራል። ከዚያች አይጥ እስከ ሰው ልጅ ጆሮ ያለው መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ መፍጀቱ ሊያስገርም አይገባም።

በዚህ መካከል በስዊድን አገር፣ በጎተንበርግ ከተማ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ሰውን ለማከም የደፈሩ ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር ላርስ ፒተርሰንና ዶክተር ማትስ ብሪትበርግ የመጀመሪያውን ታማሚ ያከሙት በ1987 ነው። ከታማሚው ጉልበት ብዙ ጫና ከማያርፍበት ስፍራ ጥቂት ልም አጥንት ይወስዳሉ፤ ሕዋሳቱን ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ያባዛሉ፤ ከዚያም ከቅልጥም አጥንት ላይ በተገፈፈ ስስ ሽፋን ጉድጓዱን ከድነው በዙሪያው ከሰፉ በኋላ ሕዋሳቱን በፈሳሽ መልክ ከሥሩ ይጨምራሉ። በ1994 የ23 ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ። በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ጉዳት ከነበረባቸው 16 ሰዎች 14ቱ መልካም ወይም እጅግ መልካም ውጤት አገኙ። በጉልበት ሎሚ ላይ ከታከሙት 7 ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ውጤት ያገኙት 2 ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ሲጠቀስ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ መነሣቱ የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ያላነሰ ያስተምራል። ያው የላቦራቶሪ አሠራር በአንዱ አጥንት ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ አልሠራም።

በአሜሪካ ደግሞ ሊሳ ፍሪድና ጎርዳና ቩንያክ-ኖቫኮቪች ቁራጩ ከመተከሉ በፊት ምን ያህል ሊጎለምስ እንደሚችል ይመረምሩ ነበር። ሕዋስ የተዘራበትን ድጋፍ በማይንቀሳቀስ ሳህን ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ቀስ ብሎ በሚሽከረከር ዕቃ ውስጥ በምግብ ፈሳሽ ሲያንሳፍፉት የተሻለ ልም አጥንት ተገኘ። ከዚያም እንግዳ የሆነ ሙከራ አደረጉ። የጥጃ ሕዋሳት የተዘሩባቸውን ቁራጮች በምድር ላይ ለ3 ወራት ካሳደጉ በኋላ ከፊሎቹን በሩስያው የጠፈር ጣቢያ በሚር ውስጥ ለተጨማሪ 4 ወራት አቆዩአቸው፤ ከፊሎቹ በምድር ቀሩ። ውጤቱ በ1997 ታተመ። ሁለቱም ወገን በሕይወት ነበሩ፤ ሁለቱም ልም አጥንት ሠርተዋል። ነገር ግን ክብደት በሌለበት የኖሩት ይበልጥ ክብ፣ አነስ ያሉና በጥንካሬም ደካሞች ሆነው ተገኙ። ልም አጥንት ጫና ካላረፈበት በወጉ አይጎለምስም።

ድጋፉ ወደ ሰው ጉልበት የገባው የስዊድኖቹን ዘዴ ለማሻሻል ነው። ፈሳሹ ያፈስ ነበር፤ የተሰፋው ሽፋን አንዳንዴ ከልክ በላይ ያብጥና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሕዋሳቱን በስስ የኮላጅን ንጣፍ ላይ ዘርቶ፣ ንጣፉን በጉድጓዱ ልክ ቆርጦ በፋይብሪን ሙጫ ማጣበቅ ተጀመረ። ይህ ዘዴ በአሜሪካ በ2016 መጨረሻ ተፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 144 ታማሚዎችን የያዘ ሲሆን፣ ጉዳታቸው 3 ካሬ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ነበር፤ ግማሾቹ በአዲሱ ዘዴ፣ ግማሾቹ ከሥር ያለውን አጥንት በመውጋት ደምና መቅኔ እንዲወጣ በሚያደርገው በቀላሉና በርካሹ ዘዴ ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕዋስ የታከሙት ሕመማቸው ይበልጥ ቀነሰ፤ እንቅስቃሴያቸውም ተሻለ። ሆኖም ከጉልበታቸው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች ኅብረ ሕዋስ መካከል ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ታማሚው ለምን እንደ ተሻለው ኅብረ ሕዋሱ ሊያስረዳ አልቻለም ማለት ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የኮላጅኑ ንጣፍ የሚሠራው ከአሳማ መሆኑ፣ ሃይማኖቱ ይህን ለማይፈቅድለት ታማሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢሰማው ቅሬታው ፍትሐዊ ነው።

የሕዋሱ መነሻም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ከታመመ ጉልበት ጤናማ ቁራጭ መውሰድ ሌላ ቁስል መፍጠር ነው፤ ሰው ሲሸመግልም የጉልበቱ ሕዋስ ይደክማል። የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ አፍንጫ አዞሩ። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ካለው ግድግዳ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ናሙና ይወስዳሉ፤ ሁለት ሳምንት ያባዙታል፤ ሁለት ሳምንት ደግሞ በኮላጅን ንጣፍ ላይ ያሳድጉታል። በ2014 በቆዳ ነቀርሳ ምክንያት የአፍንጫቸውን ጎን ያጡ 5 ታማሚዎችን በዚህ እንደ ጠገኑ አሳወቁ፤ በ2016 ደግሞ ጉልበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ውጤት አቀረቡ። አፍንጫና ጉልበት በፅንስ ዘመን ከተለያየ ምንጭ የሚወጡ ስለሆኑ የአፍንጫው ሕዋስ በጉልበት ውስጥ እንግዳ ይሆናል ተብሎ ተሠግቶ ነበር። ሆኖም አዲሱን ስፍራ ተላመደ፤ የአረጋውያን የአፍንጫ ሕዋስም ብርታቱን ብዙ እንደማያጣ ታይቷል።

የጆሮውም ጉዳይ ተመለሰ። በ2018 የቻይና ሐኪሞች፣ ከመካከላቸውም የአይጧን ጥናት ከሠሩት አንዱ የነበሩት ካዎ ዪሊን፣ አንድ ጆሯቸው ሳያድግ ለተወለዱ 5 ሕፃናት ከገዛ ራሳቸው የጆሮ ሕዋስ በሚሟሟ ድጋፍ ላይ ያሳደጉትን ጆሮ እንደ ተከሉ አሳተሙ። የደህናው ጆሮ ቅርጽ በኮምፒዩተር ተገልብጦ ተወሰደ፤ ከመካከሉም በዝግታ የሚሟሟ ፖሊካፕሮላክቶን የተባለ አጽም ተደረገለት። ጽሑፉ በወጣበት ጊዜ ከሁሉ ረጅም የሆነው ክትትል 2 ዓመት ተኩል ነበር። ያ አጽም ግን ከሁለት ዓመት በላይ የሚቆይ ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ጆሮውን አቁሞት የነበረው ልም አጥንቱ ይሁን ድጋፉ ለይቶ መናገር አይቻልም ነበር፤ መወጣጫው ሳይነሣ ግድግዳው ቆመ አይባልምና።

በጉልበት ላይ የቀረው ከባድ ነገር ጠርዙ ነው። አዲሱ ኅብረ ሕዋስ ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር ይያያዛል፤ በጎኑ ካለው አሮጌ ልም አጥንት ጋር ግን በቀላሉ አይዋሐድም፤ በአሮጌው ጠርዝ ላይ ያሉት ሕዋሳት ወይ ሞተዋል ወይ በድራቸው ታስረዋል። ጫና በመጣ ቁጥር ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መገጣጠሚያው በሙሉ ያረጀና የተቆጣ ከሆነም ዘዴው አይመከርም፤ የጉልበቱ አጥንት ጠማማ ከሆነ ወይም የመካከሉ ጅማት ከተበጠሰ አስቀድሞ እነዚህ መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ የተተከለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ቀድሞው ይቦደሳል።

ያ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ የሚሰማው ዜና እንግዲህ ይህን ይመስላል። ለስድስት ሳምንታት ያህል በክራንች ይሄዳል፤ ሙሉ ክብደቱን በእግሩ ላይ አያሳርፍም። ጉልበቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ቀስ እያለ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ ሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ይፈልጋሉና። ከዚያ በኋላ ጫናው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመርለታል። ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ ከዓመት ያላነሰ ይጠብቃል፤ በስድስተኛው ወር ሕመሙ ጠፍቶለት ልሩጥ ብሎ ሲጠይቅም ገና ነው መባል አለበት፤ በዚያን ጊዜ በጉልበቱ ውስጥ ያለው ነገር ገና ለጋ ነው።